የጋራ አርኤስኤስ ማንበቢያ ለተርጓሚዎች ማኅበራችን፦ ለጉባኤው የሚቀርብ ዕቅድ

ጸሐፊዋ፦
ባለፈው ለዓመት የከፈልንበት የዜና ማንበቢያ ሳንጠቀምበት እንዳለቀ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም። ለወርኃዊው የቃላት እትም ዜና የምንከታተለው እያንዳንዳችን በየስልካችን ነው፤ አዲስ አበባ ያለው ያነበበውን ዋሽንግተን ያለችው እንደገና ታነባለች፣ አዲስ ቃል ያየም ሰው የት እንዳየው ይጠፋበታል። የየድረ ገጹን አዲስ ጽሑፍ በአርኤስኤስ አንድ ቦታ የሚሰበስብ ማንበቢያ ላይ አንድ የጋራ መለያ ይኑረን። ስልክ ላይ ያነበብኩት ኮምፒውተር ላይም ተነቦ ይጠብቀኝ። ሐሳብ እስከ እሑድ።

ገንዘብ ያዥ፦
መጀመሪያ ገንዘቡ። ያኔ የዓመት የከፈልንበት አገልግሎት ሦስት ሰው እንኳ ሳይገባበት ነው ያለቀው። በነጻ የሚሰጡትን ማንበቢያዎች አየሁ። ፊድሊ 100 ምንጭ፣ ኢኖሪደር 150፣ ኒውስብለር 64 ይፈቅዳሉ። የኛ የምንጭ ዝርዝር 118 ደርሷል፤ በነጻ የሚበቃን ኢኖሪደር ብቻ ነው። ከዚህ ሆኖ በዶላር መክፈል ደግሞ ፈተና ነው፤ የዋሽንግተኗ እህታችን ሁልጊዜ ከኪሷ ማውጣት የለባትም።

የዋሽንግተኗ፦
ከፍዬ ቅር ብሎኝ አያውቅም። እኔን መከራከሪያ አታድርጉኝ።

የፍራንክፈርቱ፦
አንድ መለያ ለሁሉም አይሆንም። እኔ ያነበብኩት ለእናንተም እንደተነበበ ይቆጠራል፣ ጠዋት ስትከፍቱት ባዶ ይሆንባችኋል። ለየሰው የየራሱ መግቢያ ያስፈልጋል። ደግሞ የጉግል ማንበቢያ የነበረው ጉግል ሪደር በ2013 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ የሆነውን አስታውሱ፤ በሰው ቤት ያስቀመጥከው ነገር ባለቤቱ በፈለገ ቀን ይዘጋል። የማኅበሩ ድረ ገጽ ያለበት ሰርቨር ላይ ፍሬሽአርኤስኤስ የሚባለውን የማንበቢያ ፕሮግራም እንጫን። ነጻ ነው፣ በፒኤችፒ የፕሮግራም ቋንቋ ይሠራል፣ ብዙ ተጠቃሚ ይቀበላል። አይፎን የያዘ በኔትኒውስዋየር፣ አንድሮይድ የያዘ በካፒ ሪደር መተግበሪያ ይገናኛል፤ የተነበበውና ያልተነበበው በሁሉም ላይ እኩል ይሄዳል። የምንጮቹን ዝርዝር ከአንዱ ማንበቢያ ወደ ሌላው በሚያሻግረው በኦፒኤምኤል ፋይል ላኩልኝ። ቅዳሜ አደርሰዋለሁ።

ጸሐፊዋ፦
ተልኳል። ፎልደሮቹ አገር ቤት፣ ሕግ፣ ጤና፣ ኢኮኖሚ ይሁኑ። ካልተቃወማችሁ ይኸው ነው።

አንጋፋው አርታኢ፦
እቃወማለሁ። «አገር» አይደለም፣ «ሀገር» ነው። ግዕዙ በሀ ነው።

የሐዋሳው፦
ጋሼ፣ የፎልደር ስም እኮ ነው!

አንጋፋው አርታኢ፦
ለአንተ የፎልደር ስም ነው። ለእኔ የተርጓሚዎች ማኅበር በሩ ላይ የለጠፈው ጽሑፍ ነው። ነገ ደንበኛ ቢያየው ምን ይለናል?

የሐዋሳው፦
ማን ደንበኛ ነው ማንበቢያችን ውስጥ የሚገባው? ሰው አፉን ሲከፍት አገር ነው የሚለው፣ የተባለውን መጻፍ ስህተት አይደለም። ለአንድ ፊደል ብለን ሳምንት ልንቀመጥ ነው?

አንጋፋው አርታኢ፦
«የተባለውን መጻፍ» ከሆነ ሥራችሁ፣ ማኅበር ለምን አስፈለጋችሁ? አርባ ዓመት ፊደል ሳርም ኖሬያለሁ፣ እንዲህ ያለ ንቀት አላየሁም።

ገንዘብ ያዥ፦
ንቀት የለም። ተረጋጉ። «ዜና» ብላችሁ እለፉት።

የሐዋሳው፦
እኔ ከዚህ ውይይት ወጥቻለሁ።

የዋሽንግተኗ፦
ስለ ማንበቢያው የመጣው መልስ አራት፣ ስለ ሀ የመጣው ከዚያ በላይ። ያሳዝናል።

የድሬዳዋዋ፦
እስካሁን ዝም ያልኩት እየሞከርኩ ስለነበር ነው። ሁለታችሁም የምትጣሉበት ነገር ከስም በላይ ነው። ራሴ ጋ ባለው ማንበቢያ «ሕግ» ብዬ ፈለግኩ፣ ጥቂት መጣ። «ህግ» ብዬ ስፈልግ ሌላ ክምር ዜና መጣ፣ አንዱም በፊተኛው ውስጥ አልነበረም። ማሽኑ ህ፣ ሕ እና ኅ አንድ ድምፅ መሆናቸውን አያውቅም፤ ለፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ላይ ለየብቻቸው ቁጥር አላቸው። «ኃይል»ን ውሰዱ። ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ብሎ የሚጽፍ አለ፤ ስድስት። «ፀሐይ» ላይ ጸ እና ፀ ሲጨመሩ አሥራ ሁለት ይሆናል። የቃላት እትማችን ደግሞ የቆመው በፍለጋ ነው! በዚያ ላይ «ሕግ» ብላችሁ «ሕጎች» ያመልጣችኋል፣ ግ ወደ ጎ ስለተቀየረች። የትኛውንም ማንበቢያ ብንመርጥ ይህ ካልተፈታ ግማሹን ዜና ሳናየው ነው የሚያልፈን።

አንጋፋው አርታኢ፦
ይህን ነው ስል የነበረው።

የድሬዳዋዋ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ሲሉ የነበሩት አንዱ ትክክል ነው፣ ሌላው ይቅር ነው። እኔ የምለው ሁሉም ይገኝ ነው። ጋዜጠኛው እንደፈለገ ይጽፋል፣ እኛ ልናርመው አንችልም።

የሐዋሳው፦
ተመለስኩ። ጋሼ፣ ትናንት ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ። የእህታችንን ሙከራ እኔም «ዓለም አቀፍ» ላይ አደረግኩት። በወረቀት ላይ አሥራ ስድስት አጻጻፍ ይወጣዋል፤ አምስቱን በአንድ ቀን ዜና ውስጥ አገኘሁ።

አንጋፋው አርታኢ፦
ይቅር ብያለሁ። ዝርዝሩን እኔ አዘጋጃለሁ። በየቃሉ መጀመሪያ የግዕዙ አጻጻፍ፣ ቀጥሎ በየዜናው የሚገኙት ሁሉ። ማጣሪያው ውስጥ «ወይም» እያላችሁ ትደረድሯቸዋላችሁ። ከሕግና ከጤና ቃላት እጀምራለሁ።

የዋሽንግተኗ፦
ይህ ከተሠራ ለአባላት ብቻ መቅረት የለበትም። እዚህ ፍርድ ቤት የሚያስተረጉሙ ልጆች በየቀኑ ይጠይቁኛል። በትንሽ መጽሐፍ ይታተም። ለኅትመቱ እኔ እጀምራለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
ለማንበቢያው የያዝነው ገንዘብ አልተነካም። ጉባኤው ከፈቀደ ወደ ኅትመቱ ይዙር፣ የወረቀት ዋጋ ሳይጨምር።

ጸሐፊዋ፦
የዕቅዱን ርዕስ ቀይሬዋለሁ፤ «የአጻጻፍ ዝርዝር ለዜና ፍለጋ»። ማንበቢያው አራተኛ ነጥብ ላይ አለ። የፎልደሩ ስም «ሀገር ቤት» ሆኗል፣ ማንም እንዳይነካብኝ።

የሐዋሳው፦
ዝርዝሩ ቴሌግራም ላይ ብቻ የሚለጥፉትንም ይያዝ። አርኤስኤስ የሌላቸው ብዙ ናቸው።

ገንዘብ ያዥ፦
እሱ ሌላ ዕቅድ ነው። ሰርቨሩስ? ቅዳሜ ሁለቴ አለፈ።

ጸሐፊዋ፦
ሁለት ጊዜ ጻፍኩለት፣ ከፍራንክፈርት መልስ የለም። የ118ቱን ዝርዝር ለእሱ ከላክሁ በኋላ ስልኬን ቀይሬያለሁ። የኦፒኤምኤሉ ቅጂ ሌላ ሰው ጋ አለ?