«ቡፌ አንሡ» ሲባል የሚነሣው ምንድን ነው?

የሊዮኗ እናት፦

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ካለፈው ክረምት ወዲህ በቤታችን ያላለቀ ክርክር ሆኗል። ልጄ ተወልዳ ያደገችው ፈረንሳይ አገር፣ ሊዮን ነው። አማርኛ ስትናገር ብትንተባተብም በደንብ ትሰማለች። ለእኅቴ ልጅ ሠርግ አዲስ አበባ ሄደን እናቴ ዘንድ ዐረፍን። በእናቴ ሳሎን ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ የቆመ፣ የእንግዳ ብርጭቆና ሸክላ ሳህን የሚቀመጥበት ባለመስታወት ዕቃ አለ፤ ስሙ ቡፌ ነው። ልጄ ይህን ስትሰማ «እኛም አገር እኮ እንደዚሁ ነው የሚባለው» ብላ ደስ አላት። በሠርጉ ዕለት ግን የመድረክ መሪው «የሙሽሮቹ ቤተ ዘመዶች፣ ቡፌ አንሡ» እያለ ሲጋብዝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ዕቃውን ወዴት ሊወስዱት ነው?» አለችኝ።

እኔም ሳቅሁ፤ ማታ ግን መልስ አጣሁላት። ቃሉ አንድ ነው ወይስ ሁለት? «ማንሣት» የሚለውስ ግስ እንዴት ከቡፌ ጋር ተጋባ? በፈረንሳይኛ ሰው ከቡፌ ራሱን ያስተናግዳል ይባላል እንጂ ቡፌ ያነሣል አይባልም። ልጄ ከዚያ በኋላ አያቷ ቤት ውስጥ እየተዘዋወረች የምታውቃቸውን ቃላት ትለቅም ጀመር፤ ዳንቴል፣ ኪሮሽ፣ ፖም፣ የአያቷ ባል ፎቶግራፍ ላይ ያለው ከረባት። በመጨረሻም «አያቴ ፈረንሳይኛ ትችላለች» ብላ ደመደመች። እናቴ ከቄስ ትምህርት ቤት በቀር የሌላ ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠች ሴት አይደለችም።

የከዚራው፦

እኅቴ፣ ልጅዎ ጥሩ ጆሮ አላት። ቃሉ አንድ ነው። በፈረንሳይኛውም ቢሆን ቡፌ የሳህን ማስቀመጫው ዕቃ ነው፤ ምግብ ተደርድሮበት እንግዳ እየቀረበ የሚወስድበት ገበታም ነው፤ የባቡር ጣቢያ ምግብ ቤትም ነው። ሦስቱም ትርጉሞች አዲስ አበባ ደርሰዋል። ሦስተኛው ዛሬ ተረሳ እንጂ ለገሀር አጠገብ የነበረውን ቡፌ ደ ላ ጋርን የበሉበትም የጨፈሩበትም ሰዎች ያስታውሱታል።

ግሱ ግን የራሳችን ነው። አማርኛ ለመብላት ድርጊት እንደ አቀራረቡ ልዩ ልዩ ግስ ይመርጣል። በመሶብ ዙሪያ የተቀመጠ ሰው «ቁረሱ» ይባላል፤ ወዳጁን ሲያከብር ያጎርሳል። በትሪ ዞሮ ለሚቀርብ ዳቦ፣ ቆሎ ወይም ብርጭቆ ግን «አንሡ» ነው የሚባለው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ የየራሱን ድርሻ ከሌላው ለይቶ ይወስዳል። ሰው ሳህን ይዞ ተሰልፎ የሚበላበት ሥርዓት ሲመጣ «ቁረሱ» አልገጠመውም፤ ስለዚህ የትሪው ግስ ተዛወረለት። ልጅዎን ግር ያሰኛት የዕቃውና የምግቡ ስም አንድ መሆኑ ብቻ ሳይሆን፣ ግሱ ከባድ ዕቃን ለመሸከምም የሚያገለግል መሆኑ ነው።

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ እነዚህ ቃላት ቤታችን የገቡት ፈረንሳይን ከመውደድ የተነሣ አይደለም። የገቡት በሥራ በኩል ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር፤ አባቴም በድሬዳዋው ወርክሾፕ ሲሠራ ለአለቃው በፈረንሳይኛ እየመለሰ፣ ቤት ሲገባ በሐረር ኦሮምኛና በአማርኛ ይቆጣን ነበር። ለገሀር ራሱ «ላ ጋር» ነው፣ ጣቢያው ማለት ነው። አጻጻፉን ልብ ይበሉ፦ የተጎተተው «ጋ» «ገሀ» ሆነ፤ መነሻው ደግሞ ከለገጣፎና ከለገዳዲ ጋር ተመሳሰለ። በዚህም የተነሣ ስሙ ወንዝ ከሚለው የኦሮምኛ «ለገ» የወጣ ነው ብለው የሚከራከሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። ፖም ከፈረንሳይኛው ፖም፣ ሳንቲም ከሳንቲም እንዳለ የተወሰዱ ናቸው።

ሰዋስው ወዳድ፦

ጋሼ፣ በግሱ ላይ ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ በቡፌ ላይ ግን አንድ ጥርጣሬ አለኝ። የከተማው አማርኛ ከጣልያንኛም ብዙ ወስዷልና ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል። እኔ የምጠቀምበት ቀላል መፈተሻ የቃሉ ጅራት ነው። ጣልያንኛ ስሞቹን በአናባቢ መጨረስ ይወዳል፣ አማርኛም ያንን አናባቢ አይቆርጥም፤ ፓስታ፣ ማኪያቶ፣ ቦምቦሊኖ፣ ቦርሳ፣ ካልሲ፣ ጓንቲ። ከረባት ከጣልያንኛ ቢመጣ ኖሮ «ከረባታ» ባልን ነበር፤ ፖምማ ጨርሶ አይመጣም፣ ጣልያኖች ያንን ፍሬ «ሜላ» ነው የሚሉት። ሞደኛ የሚለው ቃልም ሥሩ ሞድ ነው እንጂ ሞዳ አይደለም። (አንዱን ሰው ሌላው ሲያሾፍበት «ሙድ ያዘበት» የሚባለው ሌላ ቃል ነው፤ እባካችሁ ከሞደኛ ጋር አታዛምዱት።)

መፈተሻው የሚሰናከለው ፈረንሳይኛውም በአናባቢ ሲያልቅ ነው፤ ቡፌና ቢሮ እንደዚያ ናቸው። እዚህ ላይ ግን የመጀመሪያው ፊደል ይረዳናል። በፈረንሳይኛ የሁለቱም ቃላት የመጀመሪያ አናባቢ አንድ ነው፤ ከንፈር ለ«ኡ» ሾሎ ምላስ ለ«ኢ» ወደ ፊት ሲወጣ የሚሰማ፣ እኛ የሌለን ድምፅ ነው። ከፈረንሳዮች አፍ በጆሮው የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ወደ «ኢ» ቀረብ አድርጎ «ቢሮ» አለ። ታዲያ «ቡፌ» ለምን «ቢፌ» አልሆነም? ጣልያኖችም ይህን ቃል ከፈረንሳይኛ ተውሰው የሚሉት በጠራ «ቡ» ነው። ስለዚህ ቢሮ በቀጥታ ከፈረንሳዮች ተሰምቷል፣ ቡፌ ግን በጣልያን አፍ ዞሮ መጥቷል ብዬ እገምታለሁ።

የከዚራው፦

ልጄ፣ መልካም አስተውሎት ነው፤ ስለ «ቡ» ተረትቻለሁ። ቡፌ ደ ላ ጋርን ግን ለጣልያን አልሰጥህም።

ሰዋስው ወዳድ፦

እርሱንማ ማን ይወስድብዎታል፣ ጋሼ። ዳንቴልና ኪሮሽ ላይ ግን ሌላ መንገድም መታሰብ አለበት። ሁለቱን ቃላት ዐረቦችም በየቤታቸው ይሏቸዋል፣ ዳንቴልን ቱርኮችም ያውቁታል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ የአርመንና የዐረብ ነጋዴዎችና ልብስ ሰፊዎች ብዙ ነበሩ። ምንጩ ፈረንሳይኛ መሆኑ አያከራክርም፤ ወደ እኛ ያሻገረው እጅ ግን የግድ የፈረንሳይ እጅ ላይሆን ይችላል። የጣልያን አለመሆኑን ግን በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል፣ እነርሱ የኪሮሽን ሥራ «ኡንቺኔቶ» ነው የሚሉት።

የሊዮኗ እናት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ክርክሩ በእኛ ቤት ተፈትቷል። ስለ ዳንቴል የታዘብሁትን ልጨምር። በፈረንሳይኛ ቃሉ ማንኛውንም ስስ የጥልፍ ጨርቅ የሚመለከት ሲሆን ከ«ጥርስ» የወጣ ነው፤ የጨርቁ ዳር እንደ ትንንሽ ጥርስ የተቆራረጠ ስለሆነ። በእኛ ቤት ግን ትርጉሙ ጠቧል፣ ዳንቴል የሚባለው በእጅ በኪሮሽ የተሠራው ብቻ ነው። እናቴ ነጭ ክር ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ከመሐል በሰንሰለት ጀምራ እየዞረች ታሰፋዋለች፤ ሲያልቅም በስኳር ውኃ ነክራ፣ ጠረጴዛ ላይ ወጥራ ታደርቀዋለች፣ ያኔ ጫፉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያም አንዱ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ አንዱ ሬዲዮው ላይ፣ ትልቁ ደግሞ ቡፌው ላይ ይነጠፋል። የፈረንሳይ ጎረቤቶቼ ይህን ፎቶግራፍ ባሳያቸው የየራሳቸውን አያት ቤት ያስታውሳቸዋል፤ እነርሱ ግን ዛሬ አይነኩትም፣ ያረጀ ነገር ነው ይላሉ። እኔም በእናቴ ቴሌቪዥን አፍር የነበርሁበት ዘመን ነበር።

ልጄ ከአዲስ አበባ ስትመለስ አንድ ኪሮሽና ሁለት ጥቅል ክር ይዛ መጥታለች። ባለፈው እሑድ በስልክ ለአያቷ ያገኘችውን ዕውቀት ልታካፍል «አያቴ፣ ኪሮሽ እኮ ፈረንሳይኛ ነው፣ ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው» አለቻት። እናቴም «ታዲያ መንጠቆ አይደል እንዴ?» ብላ ስንት ዙር እንደ ደረሰች ጠየቀቻት።