ስህተት ሪፖርት ማድረግ ለምን ይፈራል?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ዋርድ ላይ ነው የምሰራው። መድሃኒት ሊቀያየር ሲል ለጥቂት የሚተርፍበት ጊዜ አለ ግን ማንም ሪፖርት አያደርግም፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚጠየቀው ማነው ያጠፋው ነው። ታካሚ እስኪጎዳ መጠበቅ አለብን እንዴ?

መልስ፦ ልክ ነሽ እህቴ። ሰው ከተቀጣ ይደብቃል፣ ከደበቀ ደግሞ ያው ስህተት ሌላ ሺፍት ላይ ይደገማል። ፖታሲየም ክሎራይድን እዪው፣ ሳይበረዝ በደም ስር ከተሰጠ ልብ ያቆማል፣ ዋርድ ውስጥ ከሌሎች መድሃኒቶች ጋር ተደርድሮ እያለ ነርሷን ብታባርሪ ብልቃጡ እዛው ነው ያለው፤ ከዋርድ አውጥቶ ፋርማሲ ማስቀመጥ ነው የሚሻለው።

መልስ፦ እኔ ግን ሁሉም ይታለፍ አልልም። ጠጥቶ ስራ የሚገባና ደክሞት የተሳሳተ እኩል አይታዩም።

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቀዶ ጥገና ቼክሊስት 19 ነጥብ አለው፣ ታካሚው ከመቀደዱ በፊት የቀዶ ጥገና ቡድኑ አባል ሁሉ ስሙንና ስራውን ይናገራል፣ ይሄ ለወግ አይደለም፣ አንዴ አፉን የከፈተ ሰው በኋላ "ቆይ ዶክተር" ለማለት ይቀለዋል። ጁኒየሩ ከፈራ ወረቀቱ ቲክ ብቻ ነው።

መልስ፦ ሪፖርት ላደረገ ሰው ምን እንደተቀየረ ንገሩት በናታችሁ፣ ካልሰማ ሁለተኛ አይጽፍም።