የ1983 ፔኒ ላይ ያለው መስመር የማተሚያ ስንጥቅ ነው ወይስ የልባስ እብጠት?

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ አሜሪካ ከባንክ ጥቅል ፔኒ (የሊንከን ምስል ያለበት የአንድ ሴንት ሳንቲም) እየገዛሁ ማታ ማታ እለቅማለሁ፣ ባለቤቴ "ምስር ለቀማው ተጀመረ" ትለኛለች። ትናንት አንድ የ1983 ፔኒ አገኘሁ፣ ከዓመቱ ስር "ዲ" አለው፣ የዴንቨር ማለት ነው። ከሊንከን አፍንጫ ፊት ተነስቶ እስከ ጠርዙ የሚሄድ ቀጭን መስመር አለበት። ጭረት አይደለም፣ ወደ ላይ የወጣ ነው።

መጀመሪያ ሳንቲሙን የሚመታው ማተሚያ ተሰንጥቆ፣ የሳንቲሙ ብረት ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ችግሩ ግን የዚህ ዘመን ፔኒ ውስጡ ዚንክ ነው፣ መዳቡ ከክብደቱ 2.5 በመቶ ብቻ የሆነ ስስ ልባስ ነው፣ ከስሩ አየር ከታመቀ ደግሞ ውሃ እንደቋጠረ ቆዳ ያብጣል። እዚሁ ሳንቲም ላይ ከሊንከን ጀርባ ሁለት ትናንሽ እብጠቶች አሉ።

በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር፣ መብራቱን ከጎን አድርጌ አየሁት። መዘንኩት፣ 2.5 ግራም፣ ምንም አልነገረኝም። በስቴኪኒ ስጫነው ጠርዙ ጋ ድንጋይ ነው፣ አፍንጫው ጋ ግን ትንሽ ስርጉድ ይላል። ከዚያ በሞኝነቴ በመርፌ ሞከርኩና ግራጫው ዚንክ ብቅ አለ። ሌሎች 11 የ1983 "ዲ" ፔኒዎች ላይ ይህ መስመር የለም፣ ግን እነሱ በሌላ ማተሚያ የተመቱ ሊሆኑ ይችላሉ።

አንዱ ጫፉ ጠንካራ፣ ሌላው የሚሰረጉድ መስመር ሲያጋጥማችሁ፣ ሳንቲሙን ከዚህ በላይ ሳትጎዱ ስንጥቁን ከእብጠቱ የምትለዩት በምንድን ነው?