ዱባይ ውስጥ ቤት ስንገዛ ከኤጀንቱ ጋር ምን ዓይነት ጥንቃቄ እናድርግ?

ጠያቂ፦ የአዘዞው

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጎንደር ነው። ታናሽ እኅቴ ዱባይ ውስጥ በሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ስትሠራ ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ባጠራቀመችው ገንዘብም እዚያው በግንባታ ላይ ካለ ሕንፃ አንድ ስቱዲዮ ለመግዛት አስባለች። ቤቱን ያገኘላት አማርኛ የሚናገር የአገራችን ልጅ የሆነ ኤጀንት ነው። ትሑትና ሥራውን የሚያውቅ ሰው እንደሆነ ትነግረኛለች፤ እኔም በክፉ የምጠረጥርበት ምክንያት የለኝም። ሆኖም የላከላትን ወረቀት በዋትስአፕ አስተላልፋልኝ ሳነበው ያሳሰበኝ ነገር አለ።

በወረቀቱ ግርጌ የተጻፈው የባንክ ሂሳብ የድርጅት ሳይሆን የግለሰብ ስም የያዘ ነው፤ ለቦታ ማስያዣ 20,000 ድርሃም እንድታስገባ የተጠየቀችውም በዚሁ ሂሳብ ነው። ኤጀንቱ «አገልግሎቴ ነፃ ነው፤ ከአንቺ ኮሚሽን አልቀበልም» ብሏታል። እዚህ ጎንደር ደላላ ከገዥም ከሻጭም እንደሚቀበል ሁላችንም እናውቃለን፤ ከእኛ ምንም የማይወስድ ሰው ማን ይከፍለዋል? በዚህ ላይ እኅቴ ለጥምቀት ወደ ቤት ስለምትመጣ፣ ዋጋው ሳይጨምር ውሉን እርሱ እንዲፈርምላት ውክልና እንድትሰጠው ጠይቋታል። እናታችን ደግሞ ከቤት ኪራይ ያጠራቀመችውን ብር ልጨምርላት እያለች ነው። የምታውቁ ብትመክሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከዱባይ ተመላሽ

ወንድሜ፣ ገንዘቡ ከእኅትህ እጅ ሳይወጣ መጠየቅህ መልካም ነው። ወደ ጎንደር ከመመለሴ በፊት ዱባይ ውስጥ በአንድ የቤት ሽያጭ ቢሮ እሠራ ስለነበር የማውቀውን ልጻፍልህ።

ከሁሉ አስቀድሞ በግለሰብ ሂሳብ አንድም ድርሃም እንዳታስገባ ንገራት። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የዱባይ ሕግ ቁጥር 8፣ በግንባታ ላይ ያለ ቤት የሚሸጥ አልሚ ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት ራሱን የቻለ የአደራ ሂሳብ በባንክ እንዲከፍት ያስገድዳል፤ እነርሱ እስክሮ ይሉታል። የገዥዎች ገንዘብ ወደዚህ ሂሳብ ይገባል፤ አልሚው ከዚያ ማውጣት የሚችለው ግንባታው በሄደበት መጠን ነው፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላም 5 በመቶው ለአንድ ዓመት ተይዞ ይቆያል። ይህ ሁሉ ጥበቃ የሚሠራው ግን ገንዘቡ በትክክል በዚያ ሂሳብ ከገባ ብቻ ነው። በኤጀንቱ ኪስ የገባ ገንዘብ በእርሱና በእኅትህ መካከል ያለ የግል ጉዳይ ሆኖ ይቀራል፤ አልሚውም «እኔ አልተቀበልኩም» ቢል እውነቱን ነው።

ስለ ነፃው አገልግሎት የጠየቅኸው ጥያቄ የነገሩ እምብርት ነው። በግንባታ ላይ ያለ ቤት ሲሸጥ ኤጀንቱን የሚከፍለው አልሚው ነው። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ የተለመደ አሠራር ነው። ነገር ግን ሰውየው የሚሠራው ለሻጩ መሆኑን ከመጀመሪያው ማወቅ ያስፈልጋል። አንዱ ሕንፃ ከሌላው የተሻለ ኮሚሽን ሲያስገኝ፣ ለገዥ ቀድሞ የሚቀርበው የትኛው እንደሆነ በቢሮው የሠራ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ «ይህ ሰፈር ዋጋው እጥፍ ይሆናል» ወይም «ሁለት ቤት ብቻ ቀርቷል» ሲላት፣ ቃሉን የሻጭ ቃል አድርጋ ትስማው። ያገር ልጅነቱ ይህን አይለውጠውም።

ፈቃዱን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ማንኛውም ኤጀንት ሪራ በሚባለው የሪል ስቴት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መመዝገብና የምዝገባ ቁጥር ያለው መታወቂያ መያዝ አለበት፤ ቁጥሩን የዱባይ መሬት ጽሕፈት ቤት ባዘጋጀው «ዱባይ ሬስት» በተባለው መተግበሪያ ላይ መፈለግ ይቻላል። የሚያሰራጨው የቤት ማስታወቂያም የፈቃድ ቁጥርና በስልክ የሚነበብ ኪውአር ኮድ ሊኖረው ይገባል። ፕሮጀክቱ መመዝገቡንና ግንባታው ስንት በመቶ እንደደረሰ እዚያው መተግበሪያ ላይ ማየት ትችላለች፤ ኤጀንቱ ከላከላት ማራኪ ሥዕል ይልቅ ይህን ታምነው።

ኤጀንቶች በዝርዝር የማይናገሩት ሌላም ጉዳይ አለ፤ እርሱም ክፍያ ቢቋረጥ የሚሆነው ነው። አልሚው በመሬት ጽሕፈት ቤቱ በኩል የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ካሰጠ በኋላ ውሉን ሊያፈርስ ይችላል። ግንባታው ተጀምሮ ገና 60 በመቶ ካልደረሰ ከቤቱ ዋጋ እስከ 25 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ከሄደ ደግሞ እስከ 40 በመቶ የማስቀረት መብት አለው። ልብ አድርግ፤ ስሌቱ ከተከፈለው ገንዘብ ሳይሆን ከቤቱ ዋጋ ነው። እኅትህ ሥራዋን ብታጣ ክፍያውን ለስንት ወር መቀጠል እንደምትችል ከመፈረሟ በፊት ቁጭ ብላ ታስላው። የ4 በመቶ የምዝገባ ክፍያም አለ፤ ቤቱ 600,000 ድርሃም ከሆነ 24,000 ማለት ነው። ይህን ማን እንደሚከፍል በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ።

መልስ፦ ጠበቃ ከጎንደር

ቀደም ብለው በጻፉት ሰው ሐሳብ ላይ ስለ ውክልናውና ስለ ብሩ ልጨምር።

ውክልናውን ለኤጀንቱ መስጠት ፈጽሞ አይገባም። ክፍያውን ከሻጭ የሚቀበል ሰው የገዥ ወኪል ሆኖ ሲፈርም፣ ውሉን በሁለቱም ወገን የያዘው አንድ እጅ ይሆናል። በእኛ አገር ብዙ ሰው የሚፈርመው የተለመደ የውክልና ጽሑፍ «የሚንቀሳቀስና የማይንቀሳቀስ ንብረቴን እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ፣ ገንዘብ ወጪና ገቢ እንዲያደርግ» እያለ ይቀጥላል፤ ሰውም የቆየውን ቅጂ ስሙን ብቻ ቀይሮ ይፈርማል። ለዚህ ጉዳይ እንዲህ ያለ ውክልና አደገኛ ነው። የግድ ካስፈለገ፣ እዚያው ለሚኖር ለምታምነው ሰው፣ የቤቱን ቁጥርና ከፍተኛውን ዋጋ የሚጠቅስ፣ ለመፈረም ብቻ እንጂ ገንዘብ ለመቀበል የማይፈቅድ፣ የሚያበቃበት ቀን የተወሰነ ውክልና ትስጥ። ይህንንም ከመምጣቷ በፊት እዚያው ዱባይ ኖታሪ (ሰነድ አረጋጋጭ) ፊት ብታደርገው ይሻላታል፤ እዚህ ከተሠራ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና አዲስ አበባ ባለው የኤምሬቶች ኤምባሲ መረጋገጥ፣ ወደ ዐረብኛ መተርጎም፣ እዚያም ሲደርስ እንደገና መረጋገጥ ስለሚኖርበት ጊዜ ይፈጃል። ደግሞም ብዙ አልሚዎች ውሉን በኢሜይል ልከው በኤሌክትሮኒክ ፊርማ ስለሚቀበሉ፣ እኅትዎ ጎንደር ተቀምጣ ራሷ መፈረም ትችል ይሆናል። ይህን በቅድሚያ ትጠይቅ።

የእናትዎን ብር በሚመለከት፣ ያለ ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ብርን ወደ ውጭ ምንዛሬ ለውጦ ለግል ቤት መግዣ ማውጣት አይቻልም፤ በሐዋላ ሰዎች በኩል በጥቁር ገበያ መላክም ወንጀል ነው። እዚያም ባንኩ የገንዘቡን ምንጭ ቢጠይቃት የምታሳየው ማስረጃ አይኖራትም። ይልቁንስ እኅትዎ ለቤት ወጪ በየወሩ የምትልከው ገንዘብ ካለ፣ እናትዎ ወጪያቸውን ከኪራዩ ሸፍነው እርሷ ደመወዟን እዚያው ብታጠራቅም ሕጋዊም ቀላልም ነው።

መልስ፦ ማራኪ

ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ኤጀንትን ሁሉ እንደ ጠላት ማየት ግን አይገባም እላለሁ። የእኔ ታላቅ ወንድም ዱባይ የገዛው ያለቀ ቤት ነው፤ ለገዥ የሚሠራ ኤጀንት መርጦ ፎርም ቢ የሚባለውን ስምምነት ተፈራረመ፤ ኮሚሽኑንም 2 በመቶ ከነተጨማሪ እሴት ታክሱ ራሱ ከፈለ። ከፋዩ እርሱ ስለነበር ሰውየው ሁለት ቤቶችን «ይቅርብህ» ብሎ አስቀርቶታል። ከሻጩ ጋር ፎርም ኤፍ የተባለውን የሽያጭ ውል ሲፈርሙ የ10 በመቶ መያዣው በሻጩ ስም የተጻፈ ቼክ ነበር። አልሚው የሻጩ ዕዳ መከፈሉን የሚገልጽ ደብዳቤ ከሰጠ በኋላም፣ ስም ሲዛወር ቀሪው እኛ ሲፒኦ በምንለው የባንክ ቼክ ተከፍሎ ካርታው በስሙ ወጣ። ጥሬ ገንዘብ በማንም እጅ አላለፈም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የሕንፃው ዓመታዊ የአገልግሎት ክፍያ ስንት እንደሆነ ጠይቁ። የሚታሰበው በስኩዌር ፊት ነው፤ 400 ስኩዌር ፊት፣ ማለትም ወደ 37 ካሬ ሜትር ለሆነ ስቱዲዮ ክፍያው 15 ድርሃም ቢሆን በዓመት 6,000 ድርሃም ይሆናል። ቤቱን ለማከራየት ካሰበች ይህ ከኪራዩ ላይ የሚቀነስ ነው፤ ኤጀንቱ በነገራት የትርፍ ስሌት ውስጥ መግባቱን ታረጋግጥ።

ጠያቂ፦ የአዘዞው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኅቴ የምዝገባ ቁጥሩንና የፕሮጀክቱን የአደራ ሂሳብ ጠየቀችው። ቁጥሩን ላከላት፤ መተግበሪያው ላይም ተገኝቷል። ማስያዣው ግን በእርሱ በኩል እንዲያልፍ አሁንም ይፈልጋል። ስለዚህ ራሷ ወደ አልሚው የሽያጭ ቢሮ ሄዳ ልታነጋግራቸው ወስናለች፤ ውክልናውንም ትታዋለች። እናታችንም በጠበቃው ሐሳብ ተስማምታለች። አንድ ነገር ልጠይቅ፤ በማስያዣ ቅጹ ላይ የተጻፈው የእርሷና የአባታችን ስም ብቻ ነው፤ ፓስፖርቷ ግን የአያታችንንም ስም ይዟል። ይህ ችግር አለው?

መልስ፦ ከዱባይ ተመላሽ

አዎ፣ ከመፈረሟ በፊት ይስተካከል። ውሉ በመሬት ጽሕፈት ቤቱ ጊዜያዊ መዝገብ ሲገባ ስሟ ከፓስፖርቷ ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰል አለበት። የመኖሪያ መታወቂያዋ ላይ ያለው አጻጻፍም የተለየ እንዳይሆን ሦስቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ታመሳክር። ከተመዘገበ በኋላ ማረም ማመልከቻና ማስረጃ ማቅረብን ይጠይቃል፤ በማስያዣ ቅጹ ላይ ግን የሽያጭ ቢሮው እዚያው ሊያስተካክልላት ይችላል። ወደ ቢሮው ስትሄድ ፓስፖርቷን ይዛ ትሂድ፤ የከፈለችበትን ደረሰኝም በአልሚው ስምና ማኅተም ሳትቀበል አትውጣ።