የድሮ የተራራ ብስክሌት ላይ የኮርስ መሪ መግጠም፦ የትኛው ዕቃ ከየትኛው ይስማማል?

ዳገት ወዳድ
ባለሙያዎች ሆይ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራ የተራራ ብስክሌት አለኝ። አካሉ ብረት ነው፣ ሹካው ሞላ የለውም፣ ጎማው 26 ኢንች፣ ፊት 3 ኋላ 8 ጥርስ (ባለ ጥርስ ክብ ማርሽ)፣ ፍሬኑ ቪ-ብሬክ፣ ማለትም በሁለት ክንዶች ቸርኬውን ከግራና ከቀኝ የሚይዘው። የማርሽ ዕቃው ሁሉ ሺማኖ ነው። ቀጥ ያለው መሪ በረጅም ጉዞ እጄን ስለሚያደነዝዘው፣ ወደ ታች የታጠፈ የኮርስ መሪ ልገጥምለት አስቤአለሁ። መሪው አለኝ፤ መሐሉ 31.8 ሚሊሜትር ነው። ፍሬንና ማርሽ መቀየሪያ በአንድ ላይ ያለው ባለ 8 የክላሪስ እጀታም አግኝቻለሁ፤ ክላሪስ የሺማኖ የኮርስ ብስክሌት ዕቃ ነው። ሌላውን እንዳለ ትቼ እነዚህን ብቻ ብቀይር ይሠራል? ወይስ ክሩ እንደተመዘዘ ሹራብ አንዱ ሲነካ ሁሉም ይከተላል?

ነፋስ ገፊ
ተወው። የተራራ ብስክሌት በተራራ መሪ፣ የኮርስ በኮርስ መሪ። ለሁለቱም የሚሆን ከፈለግህ ለዚያው ተብሎ የተሠራ አለ።

ጥብቅ ብሎን
ነፋስ ገፊ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ዱራንጎ ላይ በተካሄደው የዓለም የተራራ ብስክሌት ሻምፒዮና አሜሪካዊው ተወዳዳሪ ጆን ቶማክ የተወዳደረው በኮርስ መሪ ነበር። ሐሳቡ እብደት አይደለም። እብደቱ ሳይለኩ መግዛት ነው።

ዳገት ወዳድ፣ በፍሬኑ እንጀምር። ማርሽ ቢንገራገጭ ያናድዳል እንጂ የባለቤቱን ጥርስ አያስወልቅም። ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1996 ይዞት የመጣው ቪ-ብሬክ ክንዱ ረጅም ስለሆነ ብዙ ሽቦ እንዲሳብለት ይፈልጋል። የኮርስ እጀታ ደግሞ የሚስበው የዚያን ግማሽ ያህል ነው። ሁለቱን ብታገናኛቸው እጀታው መሪውን እስኪነካ ጨምቀህም ላስቲኩ ቸርኬውን በቅጡ አይዝም። ላስቲኩን እስከ ቸርኬው አስጠግተው «ይኸው ሠራ» የሚሉ ሰዎች ታገኛለህ፤ አትስማቸው። ቸርኬው ትንሽ ሲወላገድ ይታከካል፣ ላስቲኩ ሲሳሳ ደግሞ እጀታው ባዶውን ይወርዳል።

መውጫው ከሦስት አንዱ ነው። ክንዱ ከ80 እስከ 90 ሚሊሜትር የሆነ አጭር ቪ-ብሬክ ብትገዛ ከክላሪስ እጀታህ ጋር ይግባባል፤ ነገር ግን ሽቦው ከጎማው አናት ጋር ስለሚቀራረብ ወፍራም ጎማ ወይም ጭቃ መከላከያ ይቸግረዋል። ሁለተኛው ካንቲሌቨር ፍሬን ነው፤ ሁለቱን ክንዶች ከላይ መሐል ላይ ባለ ሽቦ የሚስበው የድሮው ዓይነት። የሚታሰረው አሁን ቪ-ብሬክህ በተቀመጠባቸው ጉጦች ላይ ነው፤ ፊትና ኋላ ግን የሽቦው ቱቦ የሚቆምበት መደገፊያ መጨመር አለብህ። ሦስተኛው፣ ቪ-ብሬክህን ይዘህ ብዙ ሽቦ የሚስብ የኮርስ እጀታ መግዛት ነው፤ የቴክትሮ አርኤል520 ለዚህ የተሠራ ነው። ይህን ከመረጥህ ግን ክላሪስህ ከጨዋታው ይወጣል። እኔ ብሆን ካንቲሌቨር እገጥማለሁ። ማስተካከሉ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ከተስተካከለ በኋላ ግን ለጭቃም ለወፍራም ጎማም ቦታ ይተዋል።

የኋላ ማርሽ ላይ ደስ የሚል ዜና አለ። በአንተ ዘመን የተሠራው የሺማኖ የተራራ ሰንሰለት አሻጋሪ (ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያዛውረው) ከኮርሱ ባለ 8 መቀየሪያ ጋር በአንድ መጠን ስለሚሳብ ምንም አትቀይርም። እስከ ባለ 9 ድረስ እንዲሁ ነው። ባለ 10 ላይ ሺማኖ የተራራውን ስሌት ስለቀየረው ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚያ ነው፤ አንተን አይመለከትህም።

የፊቱ ግን አይሆንም። የተራራውና የኮርሱ የፊት አሻጋሪ የሚፈልጉት የሽቦ መጠን ስለሚለያይ የግራው ክላሪስ ሦስቱን ጥርሶች በትክክል አያገኛቸውም። የኮርስ አሻጋሪ ልግዛ እንዳትል፤ የተቀረጸው ለትልልቅ ጥርስ ነው፣ በትንንሾቹ ላይ በደንብ አይገጥምም።

ዳገት ወዳድ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ የፊቱን በድሮው የግራ መቀየሪያ ብቀጥልስ? ከአዲሱ መሪ ጋር ላስረው እችላለሁ?

ጥብቅ ብሎን
አይገባም። የተራራ መሪ እጀታ የሚታሰርበት ውፍረት 22.2 ሚሊሜትር ነው፣ የኮርሱ 23.8። ቀለበቱን በግድ ከፍተው የሚያስገቡ አሉ፤ ቀለበቱ ይሰነጠቃል። የሚሻለው በመሪው ጫፍ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ፣ ሳይቆጥር በፍትጊያ ብቻ የሚሠራ መቀየሪያ ነው። የት መቆም እንዳለበት የሚወስነው ጣትህ ስለሆነ የሽቦ ስሌት አያስጨንቀውም። የግራው ክላሪስ ያን ጊዜ ለፍሬን ብቻ ያገለግላል። ሦስት ጥርስ የማያስፈልግህ ከሆነ ደግሞ የፊቱን አሻጋሪ አውልቀህ በመካከለኛው ጥርስ ብቻ ንዳ፤ ከባድ ዳገት ካለብህ ግን አልመክርህም፣ ስምህም ዳገት ወዳድ ነው።

አሁን ወደ መሪው። የዚያ ዘመን የተራራ ብስክሌት የመሪ አንገት፣ ማለትም መሪውን ከሹካው ጋር የሚያያይዘው፣ ብዙውን ጊዜ የሚይዘው 25.4 ሚሊሜትር ነው፤ ያንተ መሪ 31.8 ስለሆነ አንገቱም ይቀየራል። አሁን ያለው አንገትህ ርዝመቱ ስንት ነው?

ዳገት ወዳድ
አሁን ለካሁት፣ 130 ሚሊሜትር። ሹካው ላይ የሚታሰርበት ዘንግ 28.6 ነው፣ የብሎን ጥርስ የለውም።

ጥብቅ ብሎን
እድለኛ ነህ፤ ያ ዘንግ ዛሬም የተለመደው መጠን ስለሆነ አንገት በቀላሉ ታገኛለህ። ርዝመቱም ጠቅሞሃል። የኮርስ መሪ ወደ ፊት 70 ወይም 80 ሚሊሜትር ይገፋል፣ እጀታው ደግሞ ላዩ ላይ ይጨምርበታል። አንገትህ ድሮውኑ አጭር ቢሆን ኖሮ የምትቀንሰው አይኖርህም ነበር፤ አዳዲሶቹ የተራራ ብስክሌቶች ለዚህ ሥራ የማይመቹትም ለዚሁ ነው። ከ60 እስከ 70 ያለውን፣ ወደ ላይ ዘንበል ያለውን ውሰድ። ከኮርቻው አፍንጫ እስከ ድሮው መያዣ ያለውን ርቀት ጻፍ፤ አዲሱ የእጅ ማረፊያ ከዚያ ብዙ የሚርቅ ከሆነ ማጅራትህና ወገብህ ይነግሩሃል።

ነፋስ ገፊ
እሺ፣ ቶማክን አላውቅም ነበር። አንድ ነገር ልጨምር፦ የድሮውን የፍሬን ሽቦ መልሶ ሊጠቀም እንዳያስብ። የተራራው ሽቦ ራስ እንደ በርሜል ክብ ነው፣ በኮርስ እጀታ ውስጥ አይቀመጥም።

ጥብቅ ብሎን
ትክክል። ቱቦውንም ከሽቦው ጋር አዲስ ቁረጥ፤ የድሮው ለአዲሱ መሪ መታጠፊያ አይደርስም። የማርሹን ቱቦ በፍሬኑ ቱቦ እንዳትተካ፣ የፍሬኑ ሲጨመቅ ስለሚያጥር ማርሹ ቦታውን ይስታል።