ጥያቄ፦ ለእናቴ ኮሌስትሮል ፕሮባዮቲክ ካፕሱል ልግዛ ወይስ የቤት እርጎ ይበቃል? (ድሬዳዋ)

የሳቢያኗ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 54 ዓመቷ ነው፣ ስኳርም ደም ግፊትም የለባትም። የሰሞኑ ውጤቷ፦ ጠቅላላ ኮሌስትሮል 248፣ ኤችዲኤል (ጥሩው ኮሌስትሮል) 42፣ ትራይግሊሰራይድ (በደም ውስጥ ያለው ስብ) 210፣ ኤልዲኤል (መጥፎው ኮሌስትሮል) 164፤ ሁሉም በሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። ሐኪሟ መድኃኒት ከመጀመሯ በፊት ሦስት ወር አመጋገቧን አስተካክላ እንድትመለስ ነግሯታል። ፕሮባዮቲክ (ጠቃሚ የሚባለው ሕያው ባክቴሪያ) ኮሌስትሮል ያወርዳል ሲባል ሰምቼ ነበርና የትኛውን ልግዛ? እርጎ ይተካዋል? ከቀፊራ የማመጣው የግመል ወተት ደግሞ አልረጋ ብሎኛል፣ ውሃ እንደሆነ ያድራል። ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፣ እሱንም አስቡልኝ።

ፋርማሲ ከዚራ
አብሽሪ እህቴ፣ ኤልዲኤል 164 የሚያስሮጥ ቁጥር አይደለም። 190 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ወይም ስኳር ቢኖርባት ግን ስለ እርጎ ሳይሆን ስለ ስታቲን፣ ማለትም ስለ ኮሌስትሮል መድኃኒት ነበር የምናወራው።

ጉበት ኮሌስትሮልን እየወሰደ የሐሞት አሲድ ይሠራል። የሐሞት አሲዱ ወደ አንጀት ወርዶ ቅባት ካሟሟ በኋላ 95 በመቶ የሚሆነው ተመልሶ ወደ ጉበት ይገባል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ከሐሞት አሲዱ ጋር የተጣበቀውን ግላይሲን ወይም ታውሪን የሚቆርጥ ኢንዛይም አላቸው። የተቆረጠው እንደ በፊቱ በቀላሉ ተመልሶ ስለማይገባ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ጉበትም የጎደለውን ለመሙላት ከደም ውስጥ ኮሌስትሮል ይስባል። ነገሩ ይኸው ነው።

ይህን ሥራ ሁሉም ፕሮባዮቲክ እኩል አይሠራውም። በደንብ የተፈተነው ላክቶባሲለስ ሬውተሪ ኤንሲአይኤምቢ 30242 ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣ የካናዳ ተመራማሪዎች ጥናት ሰዎች በቀን ሁለቴ፣ በእያንዳንዱ ካፕሱል ወደ 3 ቢሊዮን ሕያው ባክቴሪያ ለ9 ሳምንት ወስደው፣ ኤልዲኤላቸው ባዶ ካፕሱል ከወሰዱት አንጻር ወደ 11.6 በመቶ ወርዷል። በእናትሽ ቁጥር ሲሰላ 19 ነጥብ ገደማ ነው። ይህ ጥሩ የሚባለው ውጤት ነው፤ ብዙዎቹ ፕሮባዮቲኮች ከዚህ በታች ናቸው። ለማነጻጸር፣ 10 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን የሚባለው ስታቲን ኤልዲኤልን ከሲሶ በላይ ያወርዳል።

ስለዚህ ሣጥኑ ላይ «ሬውተሪ» የሚለውን አይተሽ ብቻ ገንዘብ እንዳታወጪ። መለያ ቁጥሩን አንብቢ። ዲኤስኤም 17938 የሚለው ለሕፃናት የሆድ ቁርጠት የሚሸጠው ጠብታ ነው። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የባክቴሪያው ስም ሊሞሲላክቶባሲለስ ሬውተሪ ስለተባለ ሁለቱንም አጻጻፍ ልታገኚ ትችያለሽ። ባሲለስ ክላውሲ ወይም ሳካሮማይሰስ ቡላርዲ የሚለው ደግሞ ለተቅማጥ የሚሰጥ ነው፤ ባለሱቁ «ያው ፕሮባዮቲክ ነው» ቢልሽ አትስሚው።

የድሬ ሙቀት ሌላ ጣጣ ነው። ካፕሱሉ ውስጥ ያለው ነገር ሕያው ስለሆነ መስኮት ዳር ወይም መኪና ውስጥ ከቆየ ቁጥሩ በየቀኑ ይቀንሳል። «ሲመረት» የሚል ቁጥር የተጻፈበትን ትተሽ «እስከ ማብቂያ ቀኑ» የሚለውን ምረጪ። ማቀዝቀዣ ውስጥ ክዳኑ ገጥሞ ይቀመጥ፤ እርጥበት ከሙቀት ያልተናነሰ ይገድለዋል። ከምግብ ጋር ትውሰደው። አንቲባዮቲክ ከጀመረች በሁለቱ መካከል ቢያንስ 2 ሰዓት ይኑር። የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም ሕክምና ላይ ያለ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።

ወተት ነክ (ሐረር)
ስለ እርጎው እኔ ልመልስ። የተለመደው የእርጎ እርሾ፣ ማለትም ቡልጋሪኩስና ቴርሞፊለስ፣ ያ ሐሞት ቆራጭ ኢንዛይም ብዙም የለውም። ከእርጎ የካፕሱሉን ያህል አትጠብቂ። ቅቤው ያልወጣለት እርጎ ደግሞ ጭራሽ የወተት ስብ ያስገባላታል። እኔ የምመክርሽ አሬራ ነው፦ ተንጦ ቅቤው ወጥቷል፣ ባክቴሪያው ግን አለ። አሬራውን አሙቀሽ አይብ ካደረግሽው ግን ባክቴሪያው አብዛኛው ሞተ ማለት ነው።

ጥሬ ወተት ተንጦ የወጣ አሬራ ብሩሴሎሲስ (ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ) ሊያመጣ ስለሚችል እንዲህ አድርጊ። 1 ሊትር የላም ወተት አፍይና እሳቱን ቀንሰሽ እያማሰልሽ 10 ደቂቃ አቆዪው። ከድነሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር። ጠዋት ላዩ ላይ የወጣውን ስልባቦት ሙሉ በሙሉ ግፈፊ። እንደገና አሙቀሽ ወደ 43 ዲግሪ ይምጣ፤ ቴርሞሜትር ከሌለ ንጹሕ ጣት ሳያቃጥለው 10 ሰከንድ የሚቆይበት ሙቀት ነው። 2 የሾርባ ማንኪያ ትኩስ ያልጣፈጠ እርጎ በትንሽ ወተት በጥብጠሽ ጨምሪና ጋቢ ጠቅልይበት። በድሬ ሙቀት ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይበቃዋል፤ እኛ ሐረር ደጋ ስለሆንን 8 ሰዓትም ከዚያም በላይ ይፈጃል። እንደረጋ ወዲያው ወደ ማቀዝቀዣ። ድሬ ላይ ማታ አስቀምጠሽ እስከ ጠዋት ከተውሽው ይሆመጥጣል፣ ውሃ ይለቃል።

ካልረጋ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ወተቱ በጣም ትኩስ ሳለ እርሾው ገብቶ ሞቷል፤ ወይም ላሟ አንቲባዮቲክ እየተወጋች ታልባለች፤ ወይም ዕቃው በወይራ ታጥኗል። ጭሱ መዓዛው ደስ ይላል፣ ባክቴሪያ ግን ያዳክማል። ለዚህ ሥራ ያልታጠነ ብርጭቆ ወይም የማይዝግ ብረት ተጠቀሚ።

ስለ ግመሉ፦ ችግሩ የእጅሽ አይደለም። ወተትን ቋጥሮ የሚያረጋው ካፓ ኬዚን የሚባለው ፕሮቲን በግመል ወተት ውስጥ ከላም ወተት ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነው። ላክቶፌሪንና ላይሶዛይም የሚባሉት መከላከያዎቹም እርሾውን ያዘገዩታል። ሶማሌዎቹ ዳናን የሚሉት የኮመጠጠ የግመል ወተት ቀጭን የሚጠጣ ነገር ነው፣ በማንኪያ የሚበላ አይደለም። አፍልተሽ እርሾውን ወደ 4 ማንኪያ አድርጊው፣ ጊዜውንም እጥፍ ስጪው። ሽታውና ጣዕሙ ከኮመጠጠ ሆኗል፤ እንዲረጋ አትጠብቂ።

የሳቢያኗ
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ልጨምር፦ ካፕሱሉን ከፍቼ ወተቱ ውስጥ ብጨምረው አብሮ አይበዛም?

ወተት ነክ (ሐረር)
አይሆንም። ሬውተሪ ወተት ውስጥ ብቻውን ደካማ ነው፣ የእርጎው እርሾ ይቀድመዋል። መጨረሻ ላይ ስንት ቢሊዮን እንደቀረ ማንም አያውቅም። መክፈት ካለብሽ ልትበላው ስትል በቀዘቀዘው እርጎ ላይ በትኚው። «እንጀራም እኮ እርሾ አለው» የሚል ሰው ቢመጣ ደግሞ እርሾው ምጣዱ ላይ አልቋል በዪው።

በሶ በጥባጭ
አቦ፣ ለረቡዕና ለዓርብ ገብስ የት ሄዶ! በገብስ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን የሚባለው አሰር ራሱ የሐሞት አሲዱን አንጀት ውስጥ ይዞ ያስወጣዋል። በቀን 3 ግራም ከተገኘ ኤልዲኤልን ከ5 እስከ 7 በመቶ ያወርዳል፤ ይህ ከብዙ ካፕሱል አይተናነስም፣ ዋጋውም የትና የት። 3 ግራሙ ከ60 እስከ 75 ግራም የበሶ ዱቄት ውስጥ ይገኛል። ጠዋትና ማታ ተከፍሎ በውሃ ይበጥበጥ። ቅቤ የለበሰ በሶ አይቆጠርም። ትራይግሊሰራይዷ 210 ስለሆነ ስኳሩንና ማሩንም ተዉት፣ ትንሽ ጨው ይበቃል። በጥቂቱ ጀምሩ፤ በአንዴ 75 ግራም ከገባ ሆድ ይነፋል።

ዘይቱንም እዩት። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ጠጣር ስብ ነው። በአንድ የሾርባ ማንኪያ 7 ግራም ገደማ ማለት ነው፣ ከቅቤ ብዙም አይለይም። ጾም ላይ ሆና ሽሮው ሦስት ማንኪያ ፓልም ከጠጣ አሬራው ምን ያድርግ? የሱፍ ዘይት ግዙ፣ እሱንም በማንኪያ ለኩ።

ላብራቶሪ ድሬ
ሁሉም ጥሩ ብሏል፣ ልኬቱን ግን ማንም አላነሳም። ኤልዲኤሏ የተሰላ ነው፦ 248 ሲቀነስ 42፣ ሲቀነስ የ210 አንድ አምስተኛ፣ 42። 164 ይመጣል። ስለዚህ ትራይግሊሰራይዱ ከተዛባ ኤልዲኤሉም አብሮ ይዛባል። ከ400 ካለፈ ደግሞ ስሌቱ አይሠራም፣ በቀጥታ የሚለካውን ጠይቁ። በሚቀጥለው ምርመራ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ለሚያህል ጊዜ ከውሃ በቀር ምንም ሳትቀምስ፣ እዚያው ላብራቶሪ፣ ጠዋት ትምጣ። ዋዜማውን ሰርግ ወይም ሥጋ የበዛበት ግብዣ አይሁን።

የአንድ ሰው ኤልዲኤል ምንም ሳይለወጥ እንኳ ከምርመራ ምርመራ 10 በመቶ ያህል ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል። 164 የነበረው 155 ሲሆን «ካፕሱሉ ሠራ» ብሎ እልል ማለት አይቻልም። በሳምንት ልዩነት ሁለቴ ለክታችሁ አማካዩን መነሻ አድርጉ፤ ከ8 እስከ 12 ሳምንት በኋላም እንዲሁ ሁለቴ። ዐቢይ ጾም መሃል ላይ ከገባችሁ ደግሞ 55 ቀን ሥጋና ወተት ሲቀር ቁጥሩ በራሱ ሊወርድ ይችላል። የጾሙን ውጤት ከፋሲካ ማግስት ውጤት ጋር አታወዳድሩ።

ታይሮይድ ተለክቶላት የማያውቅ ከሆነ ቲኤስኤች ይታዘዝላት። ታይሮይዷ ዝቅ ብሎ ከሆነ ኮሌስትሮሉ ከፍ የሚለው በእሱ ምክንያት ነው፤ እርጎም በሶም ያንን አያስተካክሉም።

የሳቢያኗ
ቲኤስኤች ተለክቶላት አያውቅም፣ ሰኞ እናሠራለን። ካፕሱሉን ውጤቱ እስኪመጣ አልገዛም፤ በሶውንና ዘይቱን ግን ከዛሬ ማታ።

ፋርማሲ ከዚራ
ጥሩ። ካፕሱሉን በኋላ ከጀመራችሁ ከበሶው ጋር አንድ ቀን አታስጀምሯት፣ የቱ እንዳወረደ አይታወቅም። ካቆመች ደግሞ ባክቴሪያው አንጀት ውስጥ ቤት ሠርቶ አይቀመጥም፤ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ታጥቦ ይወጣል።