አባቴን በቤት ውስጥ በትክክል ማሸት እንዴት ልማር?

ጥያቄ፦ የሸማኔው ልጅ (ሽሮ ሜዳ)

ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ከልጅነታቸው ጀምሮ በሽመና የሚተዳደሩ ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል። እግራቸውን ወደ ጉድጓዱ አስገብተው፣ ጀርባቸውን ምንም ሳያስደግፉ፣ አንገታቸውን ወደ ድሩ ደፍተው መወርወሪያ ሲያቀባብሉ ይውላሉ። በተለይ በበዓል ሰሞን ትእዛዝ ሲበዛ ማታ ከመቀመጫቸው የሚነሡት ወገባቸውን ይዘው ነው፤ ከማጅራታቸው እስከ ቀኝ ትከሻቸው ያለው ጡንቻም ሲነኩት ጠጥሮ ይገኛል። ሐኪም ቤት ሄደው፣ ራጅም ተነሥተው፣ ሕመሙ ከአቀማመጥና ከሥራ ብዛት የመጣ የጡንቻ ሕመም እንደሆነ ተነግሯቸዋል።

ወደ ማሳጅ ቤት መመላለስ ከአቅማችን በላይ ነው፤ ቢሆንም እንኳ አባቴ በማያውቁት ሰው ፊት ልብሳቸውን አውልቀው መተኛትን እሺ አይሉም። ስለዚህ እኔው ተምሬ ላሻቸው እፈልጋለሁ። ጥያቄዬ ምን ያህል ልጫን፣ በአውራ ጣት ነው ወይስ በመዳፍ፣ ዘይትስ የግድ ያስፈልጋል ወይ የሚል ነው። ከዚህም ሌላ፣ ማሸት በእርግጥ የሚጠቅም ነገር ነው ወይስ ለጊዜው ደስ ከማሰኘት አያልፍም?

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ

ወንድሜ፣ አባትዎ አስቀድመው መመርመራቸው ትልቁን ሥጋት አቃሎልዎታል። ሳይመረመሩ እሽት ለሚጀምሩ ሌሎች አንባቢዎች ስል ግን ከዚያው ልነሣ። የወገብ ወይም የጀርባ ሕመም ከትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ሲመጣ በአገራችን ሊታሰቡ ከሚገባቸው በሽታዎች አንዱ የአከርካሪ ቲቢ ነው፤ እርሱን በእሽት ማስታመም ሕክምናውን ከማዘግየት ሌላ ፋይዳ የለውም። በሁለቱ ጭኖች መካከል መደንዘዝ፣ ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል ወይም የእግር መዛል ከታየ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። አንደኛው ባት ብቻ ድንገት አብጦ፣ ሞቆና ሲነካ የሚያም ከሆነ ደግሞ በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊኖር ስለሚችል ፈጽሞ መታሸት የለበትም፤ የረጋው ደም ተላቆ ወደ ሳንባ ከሄደ ሕይወት ያጠፋልና። የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ አጥንቱ የሳሳ አረጋዊ፣ አዲስ ወለምታ ወይም ስብራት ያለበት ሰውም ጠንከር ያለ እሽት አይገባውም።

አሁን ወደ አባትዎ እንመለስ። አልጋ ሲጫኑት ስለሚሰምጥ ጉልበትዎን ከንቱ ያደርገዋል፤ ጠንካራ ፍራሽ ወለል ላይ አንጥፈው፣ እርሳቸው በሆዳቸው ተኝተው፣ ከሆዳቸውና ከቁርጭምጭሚታቸው ሥር ትራስ ቢደረግ ይሻላል። በሆድ መተኛት አንገታቸውን የሚያስጨንቃቸው ከሆነ ግን፣ የእርሳቸው ሕመም ከማጅራት ስለሚጀምር ይህ ሊሆን ይችላልና፣ መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ፊታቸውን ወደ መደገፊያው አዙረው ይቀመጡ፤ በመደገፊያው ላይ ትራስ አድርገው ግንባራቸውን በክንዳቸው ላይ ያሳርፉ። ይህ አቀማመጥ ልብስ ማውለቅን ስለማይጠይቅ ለእርሳቸው የሚስማማቸው ይመስለኛል። ከመጀመርዎ በፊት ጥፍርዎን ይቁረጡ፣ ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ፣ እጅዎንም ያሙቁ።

ጀማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራውን ቦታ ፈልገው በአውራ ጣት መቆንደድ ይጀምራሉ። እርስዎ ግን በዚያ አይጀምሩ፤ በመጀመሪያ ሁለቱንም መዳፎች በጀርባቸው ላይ አሳርፈው ጥቂት ትንፋሽ ያህል ዝም ይበሉ። ቀጥሎ ከወገብ ተነሥተው በአከርካሪው ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ፣ አጥንቱን ሳይነኩ፣ መላ መዳፍዎን እያንሸራተቱ እስከ ትከሻ ይውጡ፤ በጎን በኩል ደግሞ እጅዎን አቅልለው ይመለሱ። ይህን ደጋግመው ጡንቻው ሲላላ ከተሰማዎ በኋላ በአንገትና በትከሻ መካከል ያለውን ሥጋ በሙሉ መዳፍ ይዘው፣ ሊጥ እንደሚያሽ ሰው፣ እየጨበጡና እየለቀቁ ይሹት። የተቋጠረውን ቦታ የሚነኩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያንንም ሲያደርጉ ሳይፈትጉ፣ ቀስ ብለው ተጭነው ከ20 እስከ 30 ሴኮንድ ያህል ይቆዩና ቀስ ብለው ይልቀቁ።

ስለ ኃይል መጠን የጠየቁትን በቁጥር ብመልስልዎ ይቀላል። ምንም አለማመምን 0፣ የማይቻል ሕመምን 10 ብለው አባትዎ እንዲነግሩዎ ይጠይቁ፤ ከ5 ወይም ከ6 ማለፍ የለበትም። የእርስዎ አባት ዕድሜ ላይ ያሉ ሰዎች «ልጄ ደክሞ እያሸኝ» ብለው ሕመሙን ውጠው ዝም ስለሚሉ ግን ቃላቸውን ብቻ አይመኑ። ትንፋሻቸውን ከያዙ፣ ትከሻቸውን ወደ ላይ ከሳቡ ወይም የእግራቸውን ጣቶች ካጠፉ አብዝተዋል ማለት ነው። ጉልበት ያለው ሁሉ ጥሩ ያሻል የሚለው እምነት ብዙ ሰው ሲጎዳ አይቻለሁ።

ለራስዎም ያስቡ። የአውራ ጣት መገጣጠሚያ ለዚህ ሥራ አልተሠራም፤ ብዙ ማሳጅ የሚሠሩ ሰዎች ቀድመው የሚታመሙት እርሱን ነው። የመዳፍዎን ተረከዝ፣ የተጨበጠ እጅዎን ወይም ክንድዎን ይጠቀሙ፤ ክርንዎን ሳያጥፉ ከዳሌዎ ወደ ፊት ዘንበል ቢሉ የሰውነትዎ ክብደት ራሱ ይጫንልዎታል። የአንገትን የፊት ለፊትና የጎን ክፍል፣ ብብትን፣ የጉልበትን የኋላ እጥፋትና የአከርካሪን አጥንት አይጫኑ። አንዳንድ ፀጉር ቤቶች እንደሚያደርጉት አንገትን በድንገት አዙሮ ማንቋቋትን ደግሞ ፈጽሞ አይሞክሩ፤ ወደ አንጎል የሚወስደውን የደም ሥር ቀድዶ ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል። ለአንድ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃል።

መልስ፦ እናት ዓለም

ልጄ፣ ተባረክ። ዘይቱን በተመለከተ እኔ የማውቀውን ልንገርህ። አባትህ ልብሳቸውን ማውለቅ ካልፈለጉ ዘይት አያስፈልግህም፤ ቀጭን ነጠላ በጀርባቸው ላይ ዘርግተህ ሳታንሸራትት በመዳፍህ መጫንና መልቀቅ ብቻውን ያሳርፋል። ቆዳቸውን የምትነካ ከሆነ የሰሊጥ ዘይት ጥሩ ነው፤ የኑግ ዘይትም ይሆናል፣ ነገር ግን ሽታው ከልብስ አይለቅም፤ በተለይ ነጭ ሸማ በሚሠራበት ቤት ነገሩን አስብበት። ጠርሙሱን በሞቀ ውሃ ውስጥ ታቆየዋለህ እንጂ ዘይቱን እሳት ላይ አትጥድም። ወደ መዳፍህ ጥቂት አፍስሰህ አሙቀህ ቀባ፤ በቀጥታ ጀርባቸው ላይ አታፍስስ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከአንድ ቀን በፊት በክንዳቸው ላይ ጥቂት ቀብተህ ቆዳቸው አለመቆጣቱን እይ። ከፋርማሲ የሚገዛውን የሚያቃጥል ቅባት ከተቀቡ በኋላ ደግሞ ትኩስ ነገር በላዩ አታድርግ፤ ያቃጥላል።

እኛ ቤት ማሸትን የተማርነው ከአራስ ቤት ነው። የአራስ ወገብ በለጋ ቅቤ ይታሻል፤ ሕፃኑም ገላው ከታጠበ በኋላ እጅና እግሩ እየተሳበ ይታሻል። ለአባት ግን እንዲህ ያለ ነገር ማንም አላሰበም፤ ያንተ ጥያቄ ያስደሰተኝ ለዚህ ነው።

መልስ፦ አዋላጅ ነርስ

እናት ዓለም ባነሡት ላይ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ የጠያቂውን ጉዳይ አላስረዝምም። ሕፃንን በለስላሳ እጅ ማሸት መልካም ነው፤ ነገር ግን ቅቤውም ሆነ ሌላ ቅባት እትብቱን መንካት የለበትም፤ በንጽሕናና በደረቁ መጠበቅ አለበት፤ መንጋጋ ቆልፍ ከሚገባባቸው መንገዶች አንዱ እርሱ ነውና። የመጀመሪያውን ገላ መታጠብም ቢያንስ ለ24 ሰዓት ማቆየት የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ነው። እጅና እግርን በኃይል መሳብም አያስፈልግም።

መልስ፦ የድሮ ሯጭ

እኔ የምመልሰው የመጨረሻውን ጥያቄዎን ነው፤ በክለብ ሳለሁ ከማሳጅ ጠረጴዛ ብዙም ስላልራቅሁ ስለ ጥቅሙ የሚባለውን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ግማሹ ትክክል አይደለም። «መርዝ ያስወጣል» ይባላል፤ ከሰውነት የሚወገደውን የማስወገድ ሥራ የጉበትና የኩላሊት ነው። «ላክቲክ አሲድ ይጠርጋል» ይባላል፤ ላክቲክ አሲድ ግን ከልምምድ በኋላ ማንም ሳይነካን በአንድ ሰዓት ገደማ ከደም ይወርዳል። በማግሥቱ የሚያመን ሌላ ነገር ነው፤ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚበረታውን የጡንቻ መቁሰል ማሳጅ በመጠኑ ያቃልለዋል እንጂ አያጠፋውም።

የወገብን ሕመም በተመለከተ፣ የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ12 ሳምንት ላልበለጠ ሕመም ከመድኃኒት በፊት ሊሞከሩ ከሚገባቸው መካከል ሙቀትና ማሳጅን አስቀምጧል። ከ12 ሳምንት በላይ ለቆየ ሕመም ሲመጣ ግን በዝርዝሩ ግንባር ላይ የተቀመጠው የአካል እንቅስቃሴ ነው፤ ማሳጅ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። የእርስዎ አባት ሕመም ደግሞ የዓመታት ይመስለኛል። ስለዚህ የሚያገኙት እፎይታ እውነተኛ ነው፣ ነገር ግን አጭር ነው፤ ለሰዓታት ወይም ለአንድና ሁለት ቀን ይቆያል፣ ምክንያቱን ግን አያስወግድም። ያንን እፎይታ ባገኙበት ሰዓት ትከሻቸውን ቢያሽከረክሩ፣ ወገባቸውን ቢያፍታቱና በእግራቸው ጥቂት ቢሄዱ ጥቅሙ ይሰነብታል። የስዊድን ማሳጅ አባት ተብሎ በተለምዶ የሚጠራው ፐር ሄንሪክ ሊንግ በ1813 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም ያቋቋመው ተቋም የጂምናስቲክ ተቋም እንደነበር ብዙ ሰው አያስታውስም፤ ዛሬ የምናውቃቸውን የእሽት ዓይነቶች በሥርዓት የለየው የኔዘርላንዱ ሐኪም ዮሃን ጌኦርግ ሜዝገር ነው የሚሉም ብዙዎች ናቸው።

አባትዎ በየግማሽ ሰዓቱ ከሽመና ዕቃው እንዲነሡና ከጀርባቸው መደገፊያ እንዲበጅላቸው ማድረግ ከእርስዎ እጅ ይበልጥ ሊሠራ ይችላል። ይህን ስል ግን ማሸቱን ይተዉ ማለቴ አይደለም፤ ከታሸሁ በኋላ የተሻለ እንቅልፍ እንደማገኝ የማንንም ጥናት ሳልጠይቅ አውቃለሁ።

የጠያቂው ምላሽ፦ የሸማኔው ልጅ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በወንበሩ አቀማመጥ ሞከርን፤ በነጠላው ላይ መዳፌን ብቻ ስጫን አባቴ እንቅልፍ ወሰዳቸው። አንድ ነገር ሳልጠቅስ ቀርቻለሁ፤ የስኳር ሕመም አለባቸው፣ ኢንሱሊንም ይወጋሉ። እግሬንም እሸኝ፣ ደንዝዞብኛል ይሉኛል። የእግራቸውን ውስጥ በሞቀ ውሃ ዘፍዝፌ ባሽላቸው ጉዳት አለው?

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ

መጠየቅዎ መልካም ነው፤ ጀርባቸውን እንደጀመሩት መቀጠል ይችላሉ፣ እግራቸው ግን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀደም ብዬ የነገርኋችሁ ከ0 እስከ 10 የሚሄደው የሕመም ሚዛን በደነዘዘ እግር ላይ አይሠራም፤ ቢጎዷቸውም አይሰማቸውምና። ስለዚህ ጠንከር ያለ ጫናን ትተው በዘይት ቀስ ብለው ከጣቶቻቸው ወደ ቁርጭምጭሚታቸው ያንሸራቱ። መዘፍዘፉን ቢያስቀሩት እመርጣለሁ፤ ብዙ የቆየ ውሃ ቆዳን ያሳሳል፣ ሙቀቱንም እርሳቸው ሊለዩት አይችሉም። ማጠብ ካስፈለገ ለብ ያለ ውሃ ይሁን፤ በእርሳቸው እግር ሳይሆን በራስዎ ክርን ይፈትኑት። በጣቶቻቸው መካከል በደንብ ያድርቁ፤ እዚያ ግን ቅባት አያስገቡ፤ እርጥበቱ ፈንገስ ያበቅላልና። ኢንሱሊን የተወጉበትን ቦታም ከመርፌው በኋላ አይሹት፤ መድኃኒቱን ከታሰበው በላይ ፈጥኖ ወደ ደም ያስገባዋል።

የሽመናውን መርገጫ በባዶ እግራቸው የሚረግጡ ከሆነ ማታ ማታ ሲያሿቸው የእግራቸውን ውስጥ፣ ተረከዛቸውንና በጣቶቻቸው መካከል በብርሃን ይመልከቱ። ውኃ የቋጠረ፣ የቀላ፣ የተሰነጠቀ ወይም የቆሰለ ቦታ ካገኙ አይሹት፤ ሳያሳድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። በሥራ ሰዓትም እግራቸውን የማያጣብቅ ለስላሳ ካልሲ ቢያደርጉ ከመርገጫው ጋር የሚያደርገውን ፍትጊያ ይቀንስላቸዋል። ለሚቀጥለው የስኳር ክትትላቸው ሲሄዱ ደግሞ የመደንዘዙን ነገር ለሐኪማቸው ይንገሩ፤ የእግራቸው ስሜት በየጊዜው መመርመር አለበት።